አሊና ታይሰን ቢገጥሙ? መጀመሪያ የትኛው አሊ፣ የትኛው ታይሰን?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ማታ ማታ የምንሰበሰብባት አንዲት ሻይ ቤት አለች። ባጃጁን በር ላይ አቁሞ የሚገባ አለ፣ ሱቁን ዘግቶ የሚመጣ አለ፣ ጡረታ ወጥተው ቤት መዋል የሰለቻቸውም አሉ። ወሬው አብዛኛውን ጊዜ በፋሲል ከነማ ይጀመርና በኑሮ ውድነት ያልቃል። ባለፈው ሐሙስ ግን ቦክስ ውስጥ ገባን፤ የሁለቱ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖች፣ የሙሐመድ አሊና የማይክ ታይሰን ነገር ተነሣ። አንድ ወጣት የባጃጅ ሹፌር፣ "ታይሰን በፕራይሙ፣ በምርጥ ጊዜው፣ አሊን ሦስት ዙር አያቆየውም" አለ። ጥግ ይዘው የተቀመጡ ጡረተኛ መምህር ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"አሊን አይተኸዋል ልጄ?"

"ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ ጋሼ።"

"የትኛውን አሊ?"

ልጁ ዝም አለ። ይህን የምጽፈው በዚያች ጥያቄ ምክንያት ነው። የቦክስ ክርክር የማይቋጨው ሰው ስለ ቦክስ ስለማያውቅ አይደለም። ስምን ከስም ጋር ስለሚያጋጥም ነው። ስም ግን ሪንግ ላይ አይወጣም። የሚወጣው አንድ ሰው ነው፤ በአንድ ምሽት፣ በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ ኪሎ፣ ከአንድ ዓይነት ተጋጣሚ ጋር።

እኛ ጎንደሮች ይህ ነገር ቶሎ ሊገባን ይገባል። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል ያደረገው ካሣና በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሠራዊቱ ተበትኖበት ጥቂት ሰው ይዞ የቀረው ቴዎድሮስ አንድ ሰው ናቸው። ስማቸው፣ ደማቸው፣ ልባቸው አንድ ነው። ግን "ቴዎድሮስ ከእገሌ ጋር ቢዋጋ" የሚል ሰው የደረስጌውን ይሁን የመቅደላውን ካልነገረን ምን ብለን እንመልስለታለን? ቦክስም እንደዚያው ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ላሪ ሆልምስ በጥቅምት 1980 ሙሐመድ አሊን አሸነፈ። አሸነፈ ብቻ አይደለም፣ ደበደበው። ከ10ኛው ዙር በኋላ የአሊ ጥግ፣ ማለትም አሠልጣኙና ረዳቶቹ፣ ጨዋታውን አስቆሙ። ስምንት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1988፣ ማይክ ታይሰን ያንኑ ሆልምስን በ4ኛው ዙር በዝረራ ጣለው። የባጃጁ ልጅ ይህን እንደ ማስረጃ አቀረበልን፤ "አሊን የመታውን መታው፣ አለቀ!" አለ። ዕድሜያቸውን እንይ። አሊ በሆልምስ ሲሸነፍ 38 ዓመቱ ነበር። ሆልምስ በታይሰን ሲሸነፍም 38 ዓመቱ ነበር። ሁለቱም ውጤቶች የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፤ በጉልበቱ ላይ ያለ ሰው የ38 ዓመት ሰውን እንደሚመታ። ስለ አሊና ስለ ታይሰን ግን ምንም አይነግሩንም።

ታዲያ ፕራይም ምንድን ነው? ብዙ ሰው ዕድሜ ይመስለዋል። ዕድሜ አለበት፣ ግን ብቻውን አይደለም። ቦክሰኛ ሲጀምር እግሩና ዓይኑ ፈጣን ናቸው፣ ጭንቅላቱ ግን ገና ነው። ከዓመታት በኋላ ጭንቅላቱ ይበስላል፣ እግሩ ይከብዳል። በመሃል እነዚህ ሁለቱ የሚገናኙበት አጭር ጊዜ አለ፤ ፍጥነቱ ገና አልሄደም፣ ብልጠቱ ደግሞ ደርሷል። ፕራይም የምንለው ያንን ነው። አንዳንዱ ላይ አምስት ዓመት ይቆያል፣ አንዳንዱ ላይ ዓመት አይሞላም።

ሌላም ነገር አለበት፤ ከጀርባው ማን አለ? ታይሰን በኅዳር 1986 ትሬቨር በርቢክን ሁለተኛው ዙር ላይ ጥሎ ሻምፒዮን ሲሆን 20 ዓመቱ ነበር። በሰኔ 1988 ሽንፈት የማያውቀውን ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ጨረሰው። በዚያው ዓመት መጨረሻ አሠልጣኙን ኬቨን ሩኒን አሰናበተ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታይሰን ልብ ብሎ ላየው ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ማወዛወዙ ቀንሷል፣ አምስት ስድስት ቡጢ አያይዞ መሰንዘሩ ቀርቷል፣ አንድ ትልቅ ቡጢ ይፈልጋል። በየካቲት 1990 ቶኪዮ ላይ በስተር ዳግላስ ሲዘርረው ገና 23 ዓመቱ ነበር! በ23 ዓመቱ ፕራይሙ አልፎ ነበር ማለት ነው። በሌላ በኩል ጆርጅ ፎርማን በ1994 በ45 ዓመቱ ማይክል ሙረርን ዘርሮ ሻምፒዮን ሆነ፤ በርናርድ ሆፕኪንስ በ46 ዓመቱ የሻምፒዮንነት ቀበቶ ወሰደ።

እዚህ ላይ ዕድሜ ሁሉንም ቦክሰኛ እኩል አያስረጅም። በእግሩና በቅልጥፍናው የሚኖር ቦክሰኛ ሲወድቅ በአንድ ጊዜ ነው። ሮይ ጆንስን አስታውሱ። በ2003 ከመካከለኛ ሚዛን ተነሥቶ የከባድ ሚዛን ቀበቶ ድረስ ደረሰ፣ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። በ2004 ግን አንቶኒዮ ታርቨር ሁለተኛው ዙር ላይ ዘረረው። ጆንስ እጁን ዝቅ አድርጎ፣ ቡጢው ሲመጣ በዓይኑ አይቶ ዞር የሚል ሰው ነበር። ያቺ ቅጽበት ስትዘገይ መከላከያ የሚባል ነገር አልነበረውም። የቡጢ ጉልበት ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው፤ ፎርማን በ45 ዓመቱ ያሸነፈው በዚያ ነው።

ወደ አሊ ልመለስ። ብዙዎቻችን የምናውቀው አሊ የኪንሻሳውን ነው፤ በጥቅምት 1974 ገመድ ላይ ተደግፎ ፎርማንን አድክሞ ስምንተኛው ዙር ላይ የጣለውን። ያ አሊ ብልህ ነው፣ ደፋር ነው፣ የማይሰበር ነው። ግን ፈጣኑ አሊ አይደለም። ገመድ ላይ የተደገፈው እግሩ እንደ ድሮው ሌሊቱን ሙሉ ስለማይሸከመው ጭምር ነው። በመጋቢት 1967 ዞራ ፎሊን ካሸነፈ በኋላ ውትድርና አልገባም ብሎ ቀበቶውን ተነጠቀ፤ እስከ ጥቅምት 1970 ድረስ አልተጋጠመም። ከ25 እስከ 28 ዓመቱ ያለውን፣ የቦክሰኛን ምርጥ ዕድሜ፣ ከሪንግ ውጪ አሳለፈው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ምርጡን አሊ እሱ ራሱም አላየውም።

መምህሩ "የትኛውን አሊ?" ያሉት ለዚህ ነው። ስልኬን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ በኅዳር 1966 ሂውስተን ላይ ከክሊቭላንድ ዊሊያምስ ጋር ያደረገውን ከፈትኩላቸው። አምስት ስድስት ጭንቅላት በአንዲት ትንሽ ስክሪን ላይ ተደፋ። ልጁን "እጁን ተወው፣ እግሩን እይ" አልኩት። አሊ ወደ ግራ ይዞራል፣ ወደ ኋላ እየሄደ ይመታል። ብዙ ቦክሰኛ ወደ ኋላ ሲሄድ ቡጢው ጉልበት ያጣል፣ ምክንያቱም ክብደቱ ከቡጢው በተቃራኒ እየሄደ ነው። አሊ ግን ለአንድ አፍታ እግሩን ይተክልና ሁለት ሦስት ቡጢ ይለቅቃል፣ ተጋጣሚው ሲመልስ እሱ እዚያ የለም። ደጋግመን አየነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ጨዋታው ተቋረጠ። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ "ውይ" አለ።

ግን ለእውነት ሲባል መነገር ያለበት ነገር አለ። ዊሊያምስ ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት በፖሊስ ጥይት ሆዱን ተመትቶ አንድ ኩላሊቱን ያጣ ሰው ነበር። ስለዚህ ያ ምሽት የአሊን ፍጥነት ያሳያል፣ የተቀናቃኙን ጥንካሬ ግን አያሳይም። የስፒንክስ 91 ሰከንድም እንደዚያው ነው። ስፒንክስ ከቀላል ከባድ ሚዛን የመጣ፣ ገና ሪንግ ሲገባ ፊቱ ላይ ፍርሃት የሚነበብበት ሰው ነበር። የአንድን ቦክሰኛ ምርጥ ምሽት ስታይ ተቀናቃኙንም እይ።

አሁን ስታይል የሚባለው ጉዳይ። በደፈናው ልንገራችሁ፤ ከሩቅ ሆኖ በጃብ፣ እጅን ቀጥ አድርጎ በሚዘረጋ ቡጢ፣ የሚጫወት አለ፤ ተጠግቶ ሳያባራ የሚመታ አለ፤ በአንድ ቡጢ ዛፍ የሚጥል አለ፤ አንተን አስቀድሞ ስህተትህን ጠብቆ የሚመልስም አለ። አሊ የመጀመሪያው ነው። ጆ ፍሬዘርና ታይሰን ተጠጊዎች ናቸው። ፎርማን ዛፍ ጣይ ነው። ፍሎይድ ሜይዌዘር ጠባቂ ነው።

ስታይል ለምን ወሳኝ ሆነ? ፍሬዘር በመጋቢት 1971 አሊን አሸነፈ፣ 15ኛው ዙር ላይም በግራ ሁክ፣ ከጎን ታጥፎ በሚመጣ ቡጢ፣ ጣለው። ፎርማን በጥር 1973 ኪንግስተን ላይ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ጣለው። ስድስት ጊዜ! በሒሳብ ከሄድን ፎርማን አሊን ሊገድለው ነው። አሊ ግን ፎርማንን ዘረረው። ዝቅ ባለው ሚዛንም እንደዚሁ ሆኗል፤ ሮቤርቶ ዱራን በ1980 ሞንትሪያል ላይ ሹገር ሬይ ሌናርድን አሸነፈ፣ ሌናርድ በ1981 ቶማስ ሐርንስን አሸነፈ፣ ሐርንስ ደግሞ በ1984 ዱራንን በሁለት ዙር ዘረረው። ክብ ሆኖ ይዞራል። "እሱን የመታውን መታው" የሚለው ማስረጃ በቦክስ ውስጥ አይሠራም።

ምክንያቱን ሻይ ቤቷ ውስጥ ቆመን አየነው። አስተናጋጁ ረጅም ነው፣ የባጃጁ ልጅ አጠር ያለ ነው። አስተናጋጁን "እጅህን ዘርግተህ ግንባሩ ላይ አድርግ" አልነው። አደረገ። ልጁ ሁለት እጁን ቢወረውር አየር ብቻ መታ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ "ጎንበስ በልና ከእጁ ሥር ግባ" አልኩት። ገባ። ግንባሩ የአስተናጋጁ ደረት ላይ ደረሰ። አሁን የረጅሙ ክንዶች ከልጁ ትከሻ አልፈው ጀርባው ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ፣ መምቻ ቦታ የላቸውም። የልጁ አጭር ክንድ ግን ጎኑ ላይ በደንብ ትደርሳለች። አሊና ፍሬዘር ማለት ይህ ነው። ፍሬዘር ጎንበስ እያለ ስለሚገባ የአሊን ርዝመት ያጠፋበታል። ፎርማን ላይ ሲሄድ ግን ያው ጎንበስ ማለቱ ከታች ወደ ላይ ለሚመጣ አፐርከት ጭንቅላቱን በሳህን ያቀርብለታል። አንዱን ያሸነፈበት ዘዴ ለሌላው አሳልፎ ሰጠው።

አስተናጋጁ ሻይ ሊቀዳ ተመለሰ፣ እኛም ስለ ዘመን ማውራት ጀመርን።

ዘመን ብዙ ነገር ይለውጣል። በአሊ ጊዜ የሻምፒዮና ግጥሚያ 15 ዙር ነበር። በኅዳር 1982 ደቡብ ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም ከሬይ ማንሲኒ ጋር 14ኛው ዙር ላይ ወድቆ ከቀናት በኋላ ሞተ፤ ከዚያ በኋላ ነው ከዓለም የቦክስ ድርጅቶች አንዱ ዙሩን ወደ 12 ያወረደው፣ ሌሎቹም በ80ዎቹ መጨረሻ ተከተሉት። ሦስት ዙር ትንሽ ትመስላለች። ፍሬዘር አሊን የጣለው 15ኛው ላይ ነው፣ ሌናርድ ሐርንስን ያስቆመው 14ኛው ላይ ነው። በዛሬ ሕግ ሐርንስ በነጥብ እየመራ ወደ ቤቱ በሄደ ነበር! ሚዛን የሚለካበት ሰዓትም ተለውጧል። ድሮ በግጥሚያው ዕለት ነበር፣ አሁን በዋዜማው ነው። ስለዚህ የዛሬው ቦክሰኛ ውኃ ከሰውነቱ አስወጥቶ ይመዘንና እስከ ግጥሚያው ሰዓት ብዙ ኪሎ መልሶ ጨምሮ ይገባል። የ1940ዎቹን ሹገር ሬይ ሮቢንሰንን ከዛሬ የዌልተር ሚዛን (ከመካከለኛ ሚዛን በታች ያለው) ሰው ጋር ስታጋጥም ወረቀት ላይ እኩል ናቸው፣ ሪንግ ላይ ግን ሮቢንሰን ቀለል ብሎ ሊገባ ይችላል።

ከባድ ሚዛን ላይ ደግሞ ጣሪያ የለም። ሮኪ ማርሲያኖ 49 ለ 0 ሆኖ፣ 49 አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ፣ ሲያቆም 85 ኪሎ ገደማ ነበር። ዛሬ ቢሆን ከከባዱ በታች ያለው ክሩዘር ሚዛን ላይ ነው የሚመደበው፣ የዚያ ጣሪያ 90 ኪሎ ከምናምን ነው። እንግሊዛዊው የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ታይሰን ፊዩሪ (ከማይክ ታይሰን ሌላ ነው) ቁመቱ 206 ሴንቲ ሜትር ነው። ማርሲያኖ ከፊዩሪ ጋር ሲባል እኔ ጥያቄውን አልቀበለውም፤ ጀግንነት ሠላሳ ኪሎ አይሞላም። "ግን ዩክሬናዊው ኡሲክስ?" ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ነው፣ ኡሲክ ከክሩዘር ተነሥቶ በ2024 ፊዩሪን ሁለት ጊዜ አሸንፏል። ግን ኡሲክ 191 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ያን ጊዜ ከ100 ኪሎ በላይ ነበር። ማርሲያኖን አይመስልም፤ ይልቅ የአሊን ቁመት ነው ያለው።

ፊልምም ያታልላል። የሮቢንሰን እውነተኛ ፕራይም በ1940ዎቹ ዌልተር ሚዛን ላይ ነበር፣ ከዚያ ዘመን የቀረ ፊልም ግን ጥቂት ነው። የምናየው ከፍ ባለ ሚዛን፣ ዕድሜው ሲገፋ ያለውን ነው። በ1922 ጂን ተኒን፣ በኋላ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነውን፣ አሸንፎ በሕይወቱ ያየውን ብቸኛ ሽንፈት የሰጠው ሐሪ ግሬብ ደግሞ የአንድም ግጥሚያው ፊልም የለም። ስለ ግሬብ የሚከራከር ሰው በጋዜጣ ወሬ ነው የሚከራከረው።

"ኮምፒውተር ይፍረደን" የሚልም አለ። ተሞክሯል። በ1969 አሊና ጡረታ የወጣው ማርሲያኖ ካሜራ ፊት ብዙ አጫጭር ዙሮች ተጫወቱ፣ የተለያየ ፍጻሜም ተቀረጸ። ከዚያ ኮምፒውተር ማርሲያኖን በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸናፊ አደረገው። ማሽኑ ያወቀው ሰዎች የነገሩትን ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሞላው ሰው ደግሞ እንደኛው ሻይ ቤት ተቀምጦ የሚገምት ሰው ነው።

እሺ፣ አሁን ግጥሚያው። የኅዳር 1966 አሊ ከሰኔ 1988 ታይሰን ጋር። አሊ 96 ኪሎ፣ ታይሰን 99 ኪሎ፤ በክብደት እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። በቁመት አሊ 191፣ ታይሰን 178 ሴንቲ ሜትር።

ለታይሰን የሚቆም ማስረጃ አለ፣ ትንሽም አይደለም። አሊ እጁን ዝቅ ያደርጋል፣ ቡጢ ሲመጣ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ያዘነብላል። በዚህ ምክንያት በ1963 ለንደን ላይ ሄንሪ ኩፐር በግራ ሁክ ጣለው፣ ፍሬዘርም በዚያው ቡጢ ጣለው። የታይሰን ግራ ሁክ ከሁለቱም ይፈጥናል፣ ቀኙም አለ። ፍሬዘር በዋናነት የግራ ሰው ነበር፤ ታይሰን በቀኙ ጎድን ይመታና በዚያው እጁ አፐርከት ይደግማል። በዚያ ላይ አሊ ገላ መምታት አይወድም፣ የተጠጊን ትንፋሽ የሚሰርቀው ደግሞ ገላ ላይ የሚያርፍ ቡጢ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች ለአሊ የጨነቁ ናቸው። አንዴ ሊወድቅ ይችላል፣ እኔ ይወድቃል ብዬ ነው የምገምተው።

ግን ወድቆ ይነሣል። አሊ በሕይወቱ ወድቆ ሳይነሣ ዳኛ አሥር ቆጥሮበት አያውቅም። ያለ ጊዜው የተቋረጠበት ሽንፈት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የ38 ዓመቱ ነው፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ። ታይሰን ደግሞ ፕራይሙ ላይ እያለ ያስቸገሩት ሰዎች እነማን ናቸው? በ1986 ጄምስ ቲሊስ፣ እግሩ የማይቆም፣ አሥር ዙር ሄደ። በ1987 ጄምስ "አጥንት ሰባሪ" ስሚዝ፣ ረጅም፣ እያቀፈ 12 ዙር ሄደ። በዚያው ዓመት ቶኒ ተከር፣ ረጅም ጃብ ያለው፣ 12 ዙር ሄደ። አንዱ ሮጠ፣ አንዱ አቀፈ፣ አንዱ በጃብ ተከላከለ። አሊ ሦስቱንም በአንድ ሰው ይዟል፣ ያውም እያንዳንዱን ከእነሱ በተሻለ። ታይሰን ሲጠጋ አንገቱን ይይዘዋል፣ ይደገፍበታል፣ ዳኛው እስኪለያያቸው የታይሰን ትንፋሽ ይሄዳል። ፍሬዘር ዙር በጨመረ ቁጥር የሚጠነክር ሰው ነበር። ታይሰን ተቃራኒው ነው፤ ምርጥ ሥራው መጀመሪያ ላይ ነው፣ ከ12 ዙር በላይም ተጫውቶ አያውቅም።

ስለዚህ ፍርዴ፦ ከስድስተኛው ዙር በኋላ የአሊ ነው። በ12 ዙር ከሆነ በነጥብ፣ በ15 ከሆነ ከ12ኛው በኋላ ዳኛው ያስቆመዋል። መምህሩ "በል እንግዲህ!" ብለው ብርጭቋቸውን አነሡ።

ልጁ ቁልፉን አንሥቶ ሊወጣ ነበር። እኔ ግን አልጨረስኩም። ምሽቱን እንቀይረው አልኩ። የጥቅምት 1975 አሊን፣ ማኒላ ላይ ከፍሬዘር ጋር እስከ ሞት የተደባደበውን፣ እግሩ የከበደውን፣ ገመድ ላይ ቆሞ ቡጢ የሚቀበለውን፣ ከዚያው የ1988 ታይሰን ጋር አቁሙት። ልቡ ያው ነው። ግን መሸሻ እግር የለውም፣ ታይሰንም እንደ ፎርማን በሰፊው እየወረወረ አይደክምም፣ አጭር አጭሩን ነው የሚመታው። እዚያ ላይ ታይሰን ነው፣ ስድስት ሰባት ዙር ባለው ውስጥ።

ልጁ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ መልሶ ተቀመጠ። መምህሩ ደግሞ ወደ እኔ ዞሩ።